የአቦ ዕለት ቴፕ

አለበል የተገደለው ዓርብ ሰኔ ሰባት ቀን፣ ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ሰዓት ነው። የተገኘው የቴፕ ማሽኑ ላይ እንደተደፋ ነበር። ማጅራቱን በዱላ ተመቷል። ዱላው የዘበኛው የጓዴ ነው። ጓዴ ደግሞ በእናቱ በኩል የአለበል ቤተሰብ ደመኞች ዘመድ ነው። አርብ ገበያ ከተማ ላይ ይህን ሰምቶ «እስቲ ይጣራ» ያለ አንድም ሰው አልተገኘም።

ቅዳሜ በማለዳ ኢንስፔክተር ማንጠግቦሽ ከነፋስ መውጫ በእህል ጫኝ መኪና መጣች። መንገዱ የታወቀ ነው፤ ወተት ይዞ የተሳፈረ ቅቤ ይዞ ይወርዳል። ስለ እሷም ብዙ ይወራል። ስማዳ ላይ አንዲት የተሰረቀች በቅሎ ትክ ብላ ብታያት፣ በቅሎዋ አፍራ በገዛ እግሯ ወደ ባለቤቷ ሄደች ይላሉ። በቅሎዋ ቃሏን ስላልሰጠች ማረጋገጥ አልተቻለም።

በሩ ላይ የሟች ታላቅ ወንድም ደምሌ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አላት ሳይነሣ። «ወንድሜን አፈር እስካለብሰው እታገሣለሁ። ከዚያ ወዲያ ጓዴን ፖሊስም አያስጥለው።»

«እሱ ካልሆነስ?»

«እሱ ነው።»

«ካልሆነስ ነው ያልኩህ።»

«ዘጠኝ ሰዓት» አለና ፊቱን አዞረ።

ቤቱ የእርቅ ማኅደር ይባላል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች በሽማግሌ ፊት ጠመንጃ ተሻግረው ሲታረቁ የተቀረጸው ቪዲዮ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገ አንዱ ተነሥቶ «እኔ አልማልኩም» እንዳይል። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የባክአፕ ፕሮግራሙ ያለውን ሁሉ ወደ ቴፕ ይገለብጣል። ቴፖቹ ሠላሳ ናቸው፤ ለወሩ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ። ወሩ ሲያልቅ በዚያው ላይ እንደገና ይጻፋል። ይህ የአለበል ሥራ ነበር። ከማሽኑ ጋር ከመዋደዱ የተነሣ፣ እሱ ሲያስነጥስ ማሽኑ «ይማርህ» ይላል እስከ መባል ደርሷል።

ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ ያነጋገረችው ጸሐፊዋን ርብቃን ነው። ርብቃ እንደነገረቻት፣ ማሽኑ ወር ሙሉ ታሞ ነበር። የመጻፊያ ጭንቅላቱ አቧራ ጠጥቶ፣ ፕሮግራሙ «ስህተት» እያለ፣ በሠላሳው ቴፕ ላይ የነበረው ደህና ነገር ሁሉ ተበላሸ። አለበል ገመድ ቀየረ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቶ ጫነ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ረቡዕ ጠዋት የማጽጃውን ቴፕ ሦስት ጊዜ ቢያመላልስበት ዳነ፤ እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያው ደህና ቅጂ ወጣ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ከኮምፒውተሩ አንድ ቪዲዮ ጠፋ። ዋናው ካሴት ዱሮ አይጥ በልቶታል።

«የማን እርቅ ነው የጠፋው?»

ርብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የነአለበልና የነጓዴ ዘመዶች። አለበል ሐሙስ ዕለት ነው የደረሰበት። ዓርብ ከረቡዕ ቴፕ እመልሰዋለሁ አለን፤ ለእኔ፣ ለአያ ጓዴና ለካሌብ። ካሌብ የኔትወርክ ባለሙያችን ነው፤ ወዲያው ወደ ወገዳው ቢሯችን ሄደ። የወገዳው የስልክ መስመር ያን ማታ ተቆረጠ፤ እስካሁን አልተቀጠለም።»

ማንጠግቦሽ መደርደሪያውን ቆጠረች፤ ሃያ ዘጠኝ። በእያንዳንዱ ቴፕ ላይ በርብቃ ጽሕፈት ቁጥርና የዕለቱ ታቦት ሰፍሯል፦ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 21 ማርያም። አሥራ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው።

«ሚካኤል የለም» አለች ርብቃ። «ግን እሱ የግንቦት ሚካኤል ነው። ገለባ ነው ያለበት።»

«ሰው ገድሎ ገለባ የሚሰርቅ ማነው?» አለች ኢንስፔክተሯ ለራሷ።

ጓዴ ሁለት ፖሊስ መካከል ኩርምት ብሎ፣ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም ብሎ ማለ። እሷ ትክ ብላ አየችው። እንደ በቅሎዋ ፈጥኖ አላፈረም፤ ትንሽ ቆየ።

«ጊደር ለማየት ገበያ ሄጄ ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ዱላዎንስ፣ አያ ጓዴ?»

«በሩ ላይ አቁሜው። ዱላዬን ያየ ሰው እኔ ያለሁ ይመስለዋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲያ ስጠብቅ ማንም አልነቃብኝም ነበር።»

ካሌብ ጠዋት መርዶ ሰምቶ ከወገዳ መምጣቱን ነገራት። ፊቱ ያዘነ ነው፤ ግራ ቅንድቡን የዱሮ ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል። ዓርብን ወገዳ እንደዋለ፣ ከአለበል ጋር እንደ ወንድም እንደነበሩ ተናገረ።

«ያሳዝናል» አለ። «ዳነ ብሎ ተደስቶ ሳያበቃ፣ ያቺ «አጽዱኝ» የምትል የማሽኑ ብርቱካናማ መብራት እንደገና በርታበት ከእሷ ጋር ሲታገል ነው የሞተው።»

«እውነትም ያሳዝናል» አለች፤ ሌላም አልጠየቀችው። ርብቃን ወደ ጎን ጠርታ ሥራ አዘዘቻት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ማሽኑ ክፍል ሰበሰበች። ደምሌ ከነጠመንጃው ገባ፤ አልከለከለችውም።

«በዱላው ልጀምር» አለች። «ጓዴ በሩን ጥሎ ጊደር ሲያይ እንደነበር ሻጩ መስክሯል። ዱላው ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ያለፈ ያገደመ ሊያነሣው ይችላል። ዱላውን ተዉት፤ መብራቷን እንያት። ይህቺ መብራት ራሱ ማሽኑ ላይ እንጂ ሌላ የትም አትታይም። ፕሮግራሙ ሁሉን ይመዘግባል፤ መዝገቡን ዛሬ የከፈትነው ግን እኔና ርብቃ ብቻ ነን። ዓርብ የበራችው በእኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የከተማው መብራት ጠፋ። ርብቃ አስከሬኑን ሰባት ሰዓት ስታገኝ ማሽኑ ጨለማ ነበር፤ የከተማው መብራት ሲመጣም ይህቺ እንደገና አልበራችም። መብራቷን ያየ ሰው፣ አለበል ሲሞት እዚህ ክፍል ውስጥ ነበር። ካሌብ፣ በርታ ነበር ያልከኝ አንተ ነህ።»

ካሌብ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አለበል ደውሎ ነግሮኝ ነው።»

«የአለበል ስልክ ከረቡዕ ጀምሮ ጠጋኝ ቤት ተፈታትቶ ነው ያለው። መስመሩም ተቆርጧል።»

ደምሌ ቀስ ብሎ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ቀጥሎ ቴፑ» አለች። «ገዳዩ የፈለገው የረቡዕን ቅጂ ነው፤ በዓለም ላይ ያ እርቅ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነውና። ፕሮግራሙ ግን ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ደህናው ቅጂ የአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ሬሳ እግሩ ሥር ተዘርግቶ እያለ ቸኮለና 12 የሚለውን አንሥቶ ወጣ። ረቡዕ ግን ሰኔ አምስት ነው፤ አቦ። ርብቃ ጽሕፈቱ የእጇ ነው፣ አትሳሳትም። ጓዴ አሥራ አንድ ዓመት ቴፕ ሲያመላልስ ቁጥሩን አያነብም፣ በታቦቱ ነው የሚጠራው። አቦን ፈልጎ ሚካኤልን የሚያነሣ፣ ቀኑን ከማሽን የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።»

ለርብቃ ምልክት ሰጠቻት። ከጠዋት ጀምሮ ከአቦ ቴፕ ስትመልሰው የዋለችው ቪዲዮ ተከፈተ። ዋርካ ሥር መሬት ላይ ጠመንጃ ተጋድሟል። አንድ ሽማግሌ ልጁን በስሙ ጠርተው «አገኘሁ፣ ተሻገር» ይላሉ። አጎቱ እጁን የያዘው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠመንጃውን ተሻገረ፤ ግራ ቅንድቡን ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል።

«ከእርቁ ማግስት አክስቱ ወደ አዲስ አበባ ወሰደችው። ዘመዱ ጓዴ እንኳ አላወቀውም» አለች ማንጠግቦሽ። «ስሙን ቀይሮ ተመለሰ። ይህችን ፊት ግን መቀየር ስላልቻለ ቪዲዮውን አጠፋ። አይደል፣ አገኘሁ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለ ካሌብ። አሁን ድምፁ የእስቴ ልጅ ድምፅ ሆነ። «የማለው አጎቴ ነው። እጄን ይዘው እንደ ጠቦት አሻገሩኝ። አባቴን የገደለው ሰው እርሻውን ሲያርስ ኖሮ አልጋው ላይ ሞተ። ሃያ ዓመት ሙሉ እሱን ነበር የምጠብቀው፤ ስደርስ የለም። ልጁ ግን ነበረ።»

የጠመንጃው ቃታ ቀጭ አለ። ፖሊሶቹ እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ፤ ማንጠግቦሽ በዓይኗ አስቆመቻቸው።

«ቪዲዮው አላለቀም፣ ደምሌ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ።»

በኮምፒውተሩ መስኮት ውስጥ የሞተው የደምሌ አባት ብቅ አለ። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ወጣቱን ደምሌን በቀኝ፣ ሕፃኑን አለበልን በግራ ይዞ ተሻገረ። ድምፁ ሻካራ ነው። «በደሌን አምኜ ነው የቆምኩት። ከእኔ ወገን ይህን እርቅ ያፈረሰ የእኔ ልጅ አይደለም» አለ።

ደምሌ የአባቱን ድምፅ ከሰማ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።

«አፍራሹ እሱ ነው» አለ።

«እሱ አፈረሰ። አንተስ?»

ደምሌ ጠመንጃውን አወረደ። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ወንድሙ በተደፋበት ማሽን ላይ ደረደራቸው፤ ከዚያ ወደ ካሌብ ፊት ተጠጋ።

«አልገድልህም» አለው። «ግን በየዓመቱ ሰኔ ሰባት ያለህበት እስር ቤት እመጣለሁ። ምንም አልናገርህም። ተቀምጬ አይሃለሁ፤ ሲመሽ እሄዳለሁ። ስታረጅም እመጣለሁ። እኔ ብሞት ልጄ ይመጣል።»

ካሌብ ዓይኑን ሰበረ። በካቴና ይዘውት ወጡ።

ከውጭ የቀብር መለከት ተሰማ። ጓዴ ከጥግ ሳይነሣ፣ የእሱ ተራ ገና ያልደረሰ ይመስል ይጠብቃል። ደምሌ መጥቶ ከፊቱ ቆመ።

«አያ ጓዴ፣ ዱላህ ፖሊስ ጋ ይቀራል» አለው። «ትከሻህን አምጣ። ወንድሜን እንሸከም።»