ከጥዱ ሥር የተበተነው ጨው

አባ ዱቤ ጥቁሯን የጨው ጓል ለሁሉም እንድትታይ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «ይሄን ከጥዱ ሥር ማነው የበተነው?» አሉ የፓርኩ ጠባቂ።

በጭነት መኪናው ላይ ለመሳፈር ሲጋፉ የነበሩት ተማሪዎች ወደ እሳቸው ዞሩ። ሞተሩ ተነሥቷል። ዝናቡ ሳይቀድማቸው ከተራራው ካልወረዱ መንገዱ ጭቃ ሆኖ እዚያው ሊያስቀራቸው ነው። መሱዳ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። ጨው የእሷ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ነገሌ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ ነው። አባቷ አብዱልሃሚድ ከሜጋ በኩል የሚመጣ የከብት ጨው ይነግዳሉ። በዚያ በ1964 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች መንግሥት አዲስ የከለለውን የተራራ ደን ሊጎበኙ ነው ብትላቸው ሳቁባት። «አውሬ ለማየት ነው ይሄ ሁሉ መንገድ? ጅቡ በራችን ድረስ እየመጣልሽ?» አሏት። በስንት ልመና ፈቀዱ። እግረ መንገዷንም አዶላ ላለው ወዳጃቸው እንድታደርስ ለናሙና የሚሆን ጨው በጨርቅ ቋጥረው ሰጧት። ሰውዬው ግን ከቤቱ አልተገኘም፤ ጨውም ከእሷ ጋር ተራራ ወጣ።

ተራራው ላይ ብርድ እንጂ አውሬ አልነበረም። ያ ብርድ ደግሞ ለቆላ ልጅ የሚቻል አይደለም፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የደጋ አጋዘን ትታያለች ተብለው በየዛፉ ሥር ሲንከራተቱ ዋሉ፤ ያገኙት ኮቴና በጠጥ ብቻ ነው። «እንግዲህ ነገሌ ስንገባ በጠጥ ጎብኝተን መጣን እንላለን» ብላ ጓደኛዋ ሮማነወርቅ ስታሾፍ፣ መሱዳ አባቷ ሲስቁባት ታያት። ጀንበር ስትጠልቅ ጨርቋን ፈታች። ጨውን ሰባብራ መንገድ ዳር ካለው ትልቅ ጥድ ሥር በተነችው። ያያት የክፍል ጓደኛዋ ሀላኬ ብቻ ነበር፤ የቦረና ከብት አርቢዎች ልጅ ነው።

«አካም መሱዳ? እዚህም ላም አላችሁ እንዴ?» አላት።

«ዝም በል፣ ጠዋት ታያለህ።»

ጠዋት አጋዘኗ ግልገሏን አስከትላ መጣች። ጆሮዎቿን ወዲያ ወዲህ እያደረገች ጨውን ላሰች። ቲቸር ገብረአምላክ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መሱዳ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

አሁን ግን አባ ዱቤ ሀላኬን ያዩታል። «የከብት አርቢ ልጅ ያለ ጨው አይሄድም» አሉት። «አዳኝም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። በጨው ያለምዳታል፣ ከዚያ መሣሪያውን ይዞ ይጠብቃታል።»

ሀላኬ ጫማውን ያያል እንጂ አይናገርም። ቲቸር ገብረአምላክ «ከእንግዲህ ጉዞ የሚባል ነገር የለህም» ሲሉትም ወደ መሱዳ አልዞረም። ቢያያት ይቀላት ነበር።

እሷ የምታስበው የአባቷን ግቢ ነው። ጨው የተራገፈበትን ቦታ ላሞች አይረሱም። ጨው ካለቀ በኋላም እየመጡ ባዶውን አፈር ይልሳሉ፤ በዱላ ቢመቱም ይመለሳሉ። አጋዘኗም ትመለሳለች፣ ያውም መንገድ ዳር።

«አባ ዱቤ፣ ጨው የኔ ነው» አለች። ድምጿ በሞተሩ ተዋጠ። ጮክ ብላ ደገመችው። «ሀላኬ የለበትም። የበተንኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ደግሞ፣ ልንሄድ ስንል ምን አስለፈለፈሽ?» አለች ሮማነወርቅ ከመኪናው ላይ።

ቲቸር ገብረአምላክ ፊታቸውን አጠቆሩ። «ይሄን አባትሽ መስማት አለባቸው።»

አባቷ ከሰሙ ሁለተኛ ጉዞ እንደማይኖር መሱዳ ታውቃለች። «ይንገሯቸው፣ ቲቸር» አለች። ከዚያ ወደ ጠባቂው ዞረች። «አካፋ ይኖርዎታል? አፈሩ ጨው ጠጥቷል። ካልተነሣ ትመለሳለች።»

ሹፌሩ እየተነጫነጨ ሞተሩን አጠፋ። እሷ ስትቆፍር ሀላኬ ማንም ሳያዘው ጆንያ ይዞ መጣ።

«ለምን አልተናገርክም?» አለችው ቀስ ብላ።

«ያንቺን አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ» አላት አፈሩን ወደ ጆንያው እየዛቀ።

ጥቂት እንደቆፈሩ ከመኪናው ላይ ይሰማ የነበረው ወሬ በአንዴ ተቋረጠ። መሱዳ ቀና አለች። አጋዘኗ ከነግልገሏ ከዛፎቹ መካከል ወጥታ ቆማለች፤ የዓይኗ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል። ጠዋት እንኳ እንዲህ አልቀረበችም። መሱዳ ዝም ብላ ልታያት አማራት፣ በጣም አማራት።

ጎንበስ ብላ የአፈር ጓል አነሣችና ከአጋዘኗ እግር አጠገብ ወረወረችው። «ሃይ! ሂጂ!» አለች፣ በአባቷ ግቢ ላሞቹን እንደምታባርረው። ግልገሉ እናቱን ተከትሎ ዘለለ። ቅርንጫፎቹ ትንሽ ተወዛውዘው ረጉ።

መሱዳ አካፋውን እንደገና ያዘች። ገና ያልተነሣ አፈር ነበር።