ትራፊ እስትንፋስ

የደብረ ብርሃን ሊፍቶች ማሳል የጀመሩት ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ትርሲት የመጀመሪያውን ሳል የሰማችው ከቤቷ ስትወርድ ነበር። ሊፍቱ እንደ ወትሮው በዚያ ጎርናና፣ የመጨረሻዋን ቃል ጎተት አድርጎ በሚለቅ ድምፁ «አሥራ አራተኛ ፎቅ» አለና፣ «እህ… እህህ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ከጎኗ የቆመ ሰውዬ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «ብርዱ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። ደብረ ብርሃን ላይ የማያስል የለም፤ ሊፍት ቢያስል ምን ይደንቃል?

ትርሲት ግን ክው አለች። ያንን ሳል ታውቀዋለች። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በገዛ እጇ ቆርጣ ያወጣችው ሳል ነው።

ሥራዋ ድምፅ ጠባቂነት ነው። ከተማው ውስጥ የሚናገር ዕቃ ሁሉ፣ ሊፍቱም፣ አውቶቡሱም፣ የመድኃኒት ሣጥኑም፣ የራሱ አንደበት የለውም። ሁሉም የሚቀዱት ድምፀ-ቋት ከሚባለው አንድ ትልቅ የድምፅ ማከማቻ ነው። ቋቱ ውስጥ ያለው ደግሞ የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ የሬዲዮ ድራማ ተዋናዩ የማንያዘዋል ደጉ። በዘመኑ ፊቱን ገበያ መሃል ቢያዩት የሚያውቀው አልነበረም። አፉን ሲከፍት ግን ሰዉ ከታክሲ መውረዱን ይረሳል። ክፉ ሰው ሆኖ ሲተውን ሬዲዮኑን የሚሰድቡ ነበሩ፣ ደግ ሆኖ ሲተውን ደግሞ የሚመርቁት። ከተማው ዕቃዎቹን ማናገር ሲጀምር፣ የማን ድምፅ ይሁን ተብሎ ሕዝቡ ተጠየቀ። መልሱ አንድ ነበር።

ያኔ ትርሲት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ስድስት ወር ሙሉ እሱ ይናገራል፣ እሷ ታጸዳለች። ትንፋሹን፣ ሳሉን፣ ሳቁን፣ «ቆይ እስቲ» የሚላትን ሁሉ እየቆረጠች ታወጣለች። ማሽን አይተነፍስም ተብሏላ! አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሞ ሲያያት ቆየና «አንቺ ልጅ፣ የምትጥዪው እኮ እስትንፋሴን ነው» አላት። አፈረች። ከዚያ ወዲያ የቆረጠችውን አልጣለችም፤ «ትራፊ» ብላ በእሱ ስም ሥር አስቀመጠችው። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን መጣል የሚያውቅ ቤት አይደለም። እግሩ የተሰበረ ወንበር ሳይቀር «ይቀመጥ፣ ለአንድ ነገር ይሆናል» እየተባለ ኮሪደሩን ሞልቶታል።

ሰኞ ዕለት ቋቱ ታደሰ። በማንያዘዋል ስም ያለውን ሁሉ ሰብስበህ ተጠቀም ተባለ። ቋት ምን ያድርግ፣ ታዛዥ ነው፤ ሁሉንም ሰበሰበ።

ቢሮ ስትደርስ አለቃዋ ኬብሮን በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሥራውን ያስተማረችው እሷ ናት። ዛሬ አለቃዋ ሆኗል፤ ይሁን፣ በዚህ ለመናደድ ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ ጉድ ሆነናል! ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ‹ቀጣዩ ፌርማታ ጠባሴ› ካለ በኋላ ‹ውይ፣ ተሳሳትኩ፣ ከላይ ልጀምር› ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ደንግጦ ወረደ።»

«ሌላስ?»

«አንድ እናት ደግሞ የመድኃኒት ሣጥናቸው ‹ሁለት ፍሬ… ቆይ እስቲ፣ መነጽሬ የት ገባ?› አላቸው። መነጽሩን አግኝቶ በደንብ ሳያነብልኝ አልውጥም ብለው ቁጭ ብለዋል።»

ትርሲት ሳቅ አመለጣት። ኬብሮን አልሳቀም።

«በሰው ጤና ቀልድ የለም። ቦርዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ሰጥቶናል። ወይ እርስዎ ትራፊውን ሙልጭ አድርገው ያጠፉታል፣ ወይ ድምፁ ራሱ ከቋቱ ወጥቶ አዲሱ ይገባል።»

አዲሱ የማንም ድምፅ አይደለም። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራ፣ የማያስል፣ የማይሳሳት፣ ከተሰማ በኋላ የማይታወስ ድምፅ ነው።

«ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል» አለች ትርሲት። «መጀመሪያ ግን ደርሼ የምመለስበት ቤት አለ።»

ጋሼ ማንያዘዋል ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ብቻቸውን፣ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጉሮሮ በሽታ ያዛቸውና ሐኪሞቹ ሕይወታቸውን ሲያተርፉ ድምፃቸውን ወሰዱት። በምትኩ አንገታቸው ላይ ልሳን ለጠፉላቸው። ልሳን የሳንቲም ያህል ዕቃ ናት፤ የጉሮሮን ጅማት እንቅስቃሴ እያነበበች፣ ሰውየው ሊል የፈለገውን ከቋቱ በቀዳችው ድምፅ ትናገርለታለች። ቋቱ ውስጥ ያለው የራሳቸው ድምፅ ስለሆነ ሐኪሞቹ ዕድለኛ ነዎት አሏቸው። የገዛ ድምፁን ከከተማው እየተዋሰ የሚያወራ ዕድለኛ።

ትርሲት በየወሩ ትጠይቃቸዋለች። ሁልጊዜም ያ የጸዳ፣ ትንፋሽ የሌለው ድምፅ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው «ግቢ ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ» ይላታል። የዛሬው ግን ሌላ ነበር። በሩን ከፈቱና አይተዋት ሳቁ። ከሆድ የሚመጣ፣ መጨረሻው ላይ የሚያፍን ሳቅ ነው። ትርሲት የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ቀረች።

«ግቢ እንጂ! ምን ይገትርሻል?» አሉ ጋሼ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፌን ከፍቼ እስቃለሁ፣ ድምፅ የለም። ዛሬ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሜ ስስቅ አረፈድኩ። እንደ እብድ!»

«ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት…»

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ የሆነውን ልንገርሽ። ወይዘሮ ሐያትን ታውቂያታለሽ አይደል? ጎረቤቴን? ዘጠኝ ዓመት አብረን ወጥተን ወርደናል። እኔ በየጠዋቱ ‹እንደምን አደርሽ› እላታለሁ። እሷ ደግሞ ቀና ትልና ለሊፍቱ ‹አልሐምዱሊላህ!› ብላ ትመልሳለች።»

 ሰውየው በብርዱ ምክንያት አንገታቸውን በሻርፕ ይጠቀልላሉ፣ ከንፈራቸውም ከታመሙ ወዲህ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሰው ምን ያድርግ፤ ድምፁ የሊፍቱ ነው።

«ታዲያ ምነው እኔ ነኝ አይሏትም?»

«እኔ ነኝ ብዬ ልለምን? ተዪኝ እባክሽ።» ተነፈሱ። እውነተኛ ትንፋሽ ነበር፣ ረጅም፣ የደከመ። «ዛሬ ጠዋት ግን አብረን ስንወርድ ሊፍቱ አሳለ። ዘወር ብላ አየችኝና ‹አይዞዎት አባቴ፣ ብርድ መታዎት እንዴ?› አለችኝ። ያሳለው እኮ እሱ ነው! የታየሁት ግን እኔ ነኝ።»

«ምን አሏት?»

«ምንም። ራሴን ነቅነቅ አደረግሁ። ብናገር ተመልሳ ወደ ላይ ታያለች ብዬ ፈራሁ።»

 ትርሲት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ታይ ጀመር። እነዚህ ጣቶች ናቸው ስድስት ወር ሙሉ የዚህን ሰው ትንፋሽ ሲቆርጡ የኖሩት።

«ልታጠፊው ነው የመጣሽ» አሉ ጋሼ።

«አዎ። ካላጠፋሁት ድምፁን እንዳለ ከቋቱ ያወጡታል። ያኔ የእርስዎም ልሳን አዲሱን ይቀዳል።»

«ማን ነው አዲሱ?»

«ማንም አይደለም፣ ጋሼ። የተሠራ ነው።»

ሽማግሌው በመስኮት ቁልቁል ከተማውን አዩ። «ካጠፋሽው ሊፍት እሆናለሁ። ካላጠፋሽው ሌላ ሰው እሆናለሁ። እኔ እንግዲህ ደክሞኛል ትርሲትዬ። አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ትርሲትም ደክሟታል። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ወገቧ ያማታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ድምፅ ስታጸዳ ኖራለች። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ስትመለስ «ቀጣዩ ፌርማታ… እህ… እህህ» ሲል ሰማችው። አንዲት ሴት ለባሏ «ይሄ ሰውዬ ሲሞት ስንት ዓመቱ ነበር?» አለችው። ባልየው «እኔ እንጃ፣ እኛ ልጆች ሳለን ነው የሞተው» አለ። ትርሲት ልትናገር አስባ ተወችው። ከአውቶቡስ ወርዳ ግን እንባዋ መጣ፤ ንፋሱ ነው ለማለት የምትዋሸው ሰው እንኳ አጠገቧ አልነበረም።

መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ በተሰበሩት ወንበሮች መሃል እየተሽሎከለከች ስታልፍ፣ አንድ ነገር ትዝ አላትና ቆመች። ሥራ የገባች ቀን የሰጧት ደንብ ውስጥ አንድ ቅጽ ነበር፤ የማይጠገን ንብረት ማስወገጃ ቅጽ ይባላል። በዚህ ቤት ውስጥ ሞልቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ቅጹ ግርጌ ላይ «የተወገደ ንብረት የመጀመሪያ ባለቤቱ ከፈለገው ይመለስለታል» ይላል። እሷ ራሷ ያኔ አንብባው «ማን ይሙት፣ የተሰበረ ወንበር ማን ይፈልጋል?» ብላ ስቃ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀር ኬብሮን ክፍሏ ገባ።

«አለቀ?»

«አይጠገንም» አለች ትርሲት።

«ምን ማለት ነው አይጠገንም? ጠዋት ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል ብለው የለ?»

«ጠዋት ነዋ።»

ቅጹን ገፋ አደረገችለት። ኬብሮን ቆሞ አነበበ። የንብረቱ ዓይነት፦ ድምፅ። የመጀመሪያ ባለቤት፦ ማንያዘዋል ደጉ። የጉዳቱ ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ ትርሲት በእጅ ጽሑፏ «ያስላል። ይስቃል። ይሳሳታል። ይተነፍሳል» ብላ ሞልታለች።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ ድምፁ ከወጣ የእርስዎም መደብ እኮ አብሮ ይዘጋል። አዲሱ ጠባቂ አያስፈልገውም።»

«ይዘጋ። እኔም ልረፍ።»

«ሰዉስ? እናቴን ምን እላታለሁ? በየቀኑ መድኃኒቷን የምትውጠው እሱ ስላላት ነው።»

«ሰውየው በሕይወት እንዳለ ንገራት።»

ኬብሮን ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ። «በሕይወት አለ እንዴ?»

 አሥር ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሰውየውን ድምፅ ሲያስተዳድር ኖሮ ይህንን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም። ትርሲት እንዳትቆጣው ልጅ ነው፤ እንዳትተወው ደግሞ አንጀቷ አረረ። ቅጹ ላይ የባለቤቱ አድራሻ የተጻፈበትን መስመር በጣቷ አሳየችው። ኬብሮን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ፈረመ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማንያዘዋል ድምፅ ከቋቱ ወጣ። ከነትራፊው፣ ከነሳሉ፣ ከነመነጽሩ ጋሼ አንገት ላይ ባለችው ልሳን ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ልሳን ትንሽ ዕቃ ናት፤ ለአንድ አንገት ግን ትበቃለች። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ከተማው በአዲሱ ድምፅ ማውራት ጀመረ። ሦስት ቀን ሰው አጉረመረመ፣ በአራተኛው ቀን ለመደው። ከአውቶቡስ ሲወርድ «እግዜር ይስጥልን» የሚል ግን ጠፋ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትርሲት ሥራ ፈት ሆና ጋሼን ልትጠይቅ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ምድር ቤት ላይ አገኘቻቸው። ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ነው። ሊፍቱ ሊዘጋ ሲል ወይዘሮ ሐያት በሁለት እጇ ዘንቢል አንጠልጥላ እያለከለከች ገባች። ሊፍቱ በዚያ ልስልስ ድምፁ «በሩ እየተዘጋ ነው» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

ጋሼ ማንያዘዋል ሻርፓቸውን ነካ አደረጉ። ትርሲት አየቻቸው፤ አንዴ ይፈቱታል፣ አንዴ መልሰው ያስሩታል። ስንት ሺህ ሰው ሲያደምጣቸው ያልፈሩ ሰውዬ ናቸው።

«እህ… እንደምን ዋልሽ፣ ወይዘሮ ሐያት?»

ወይዘሮ ሐያት እንደ ልማዷ ወደ ላይ ቀና አለች። «አልሐምዱ…» ብላ ጀመረችና አቆመች። ጣሪያውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ ሽማግሌውን አየቻቸው። አንድ ዘንቢሏ ከእጇ አምልጦ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ማንም ጎንበስ አላለም።

«አባቴ» አለች። «ያ የድሮው ሊፍት እርስዎ ነበሩ እንዴ?»

ጋሼ ሳቁ። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ሳቅ ነው፤ ትርሲት ቆርጣ ያወጣችው። ሲጨርሱ አፍኗቸው አሳሉ።

«እኔ ነበርኩ» አሏት።

ወይዘሮ ሐያት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ትንሽም ተቀየመች።

«ታዲያ» አለቻቸው፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አሉኝ?»

ሽማግሌው ትርሲትን አዩ፣ ወይዘሮ ሐያትን አዩ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ሽንኩርቱን መልቀም ጀመሩ። ልሳኗም ረጅም ትንፋሻቸውን አሰማች። ሊፍቱ «ሃያ ሁለተኛ ፎቅ» ብሎ በሩን ከፈተ። ሦስቱም ሽንኩርቱን ይለቅሙ ስለነበር ማንም አልወረደም።