ኮቷ አለ

«ለድርጅቱ ሠራተኞች በሙሉ፦ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስለ ስልክ አነጋገር ሥርዓት የተሠራ የአሥራ አንድ ደቂቃ ፊልም በአዳራሹ ስለሚታይ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ ብሎ መቅረት በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ማስታወቂያው ማኅተም አለው። ከማኅተሙ በላይ «ፊልሙን አድሳ ያቀረበችው ትርሲት» ይላል። መኩሪያ ደረጃው ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ የእሱ ስም ከማኅተሙ በታችም የለም።

ሃያ ስድስት ዓመት የዚህን የመድን ድርጅት አሮጌ ፊልሞች ምድር ቤት ውስጥ ሲጠብቅ ኖሯል። አርጅቶ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን የፊልም ጥቅል ክንድ በክንድ በጥጥ እየጠረገ፣ የተበጠሰውን እየቀጠለ ወደ ኮምፒውተር የሚያሻግረው እሱ ነው፤ ትርሲት ዩቲዩብ ላይ ትጭነዋለች፣ በቃ። ያለፈውን ሁለት መቶ ሺህ ሰው አየላት። ሊፍት ውስጥ ሳይቀር «ትርስዬ፣ እጅሽ ይባረክ!» ይሏታል፤ እጇ ግን አንድ ቀን እንኳ አቼቶ ሸትቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ስምዎን የሚቀጥለው ላይ አስገባዋለሁ፤ ይሄኛውን ረስቼው ነው» አለችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቀይ ኮቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ።

«ምን ችግር አለው፣ ልጄ» አላት። ፈገግም አለላት።

ስትወጣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ሐሙስ በሚታየው ፊልም አንዲት ጸሐፊ ጥቁር ስልክ አንሥታ፣ በለዘበ ድምፅ «ማን ልበል?» ትላለች። የደዋዩ ድምፅ አይሰማም። ከዝምታው በኋላ አለቃዋን ቀና ብላ ታያለች፤ አለቃዋ በእጁ የለሁም ይላታል፤ እሷም «የሉም፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ በትሕትና ትዘጋለች። ያኔም ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ዝምታው ሰኞ ዕለት አራት ሰከንድ ነበር። አሁን ሲለካው ሰባት ሆነ። ማሽኑ ይሆናል ብሎ መልሶ አጫወተው፤ አሥራ አንድ። ከዝምታው ሥር፣ ብዙ ዓመት መስመር ላይ የቆየ ሰው ትንፋሽ የመሰለ ነገር ይሰማል፤ ጸሐፊዋም እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ከመኩሪያ ላይ ሳትነቅል ትጠብቃለች። «ማን ልበል?» ያለችው እሱን መሰለው።

«ትርሲት በይ» አላት፣ እንደ ቀልድ።

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማ።

ረቡዕ ቀይ ኮቷ ወንበሯ ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ የለችም። እዚህ መሥሪያ ቤት ኮቱ የተሰቀለ ሰው ገብቷል ማለት ነው፤ ሱቅ ይሂድ፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛ፣ ጎረቤቱ ይሸፍንለታል። እናቷ ማታ ቤት አልገባችም ብለው ሦስት ጊዜ ደወሉ። ከጎኗ የምትቀመጠው ሒሩት ሦስቱንም ጊዜ «እማማ፣ ኮቷ አለ፤ ስብሰባ ላይ ናት» አለች። መኩሪያ ሰማ። ወደ ምድር ቤቱም ወረደ።

ሐሙስ ኮቱ እንደተሰቀለ ነበር። አዳራሹ ሲሞላ ሥራ አስኪያጁ አቶ ተሻገር ተነሡና፣ «ትርሲት ስብሰባ ላይ ስለሆነች፣ ፊልሙን አቶ መኩሪያ ያስተዋውቁልናል» አሉ። ተጨበጨበ። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀው ጭብጨባ ነበር፤ ሙቀቱ ፊቱ ድረስ ወጣ። ግራጫ ኮቱን አውልቆ ከፊተኛው ረድፍ ወንበሩ ላይ ሰቀለ፣ ስሙን ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተናገረ፣ ተመልሶም ተቀመጠ። መብራቱ ጠፋ።

ጸሐፊዋ ስልኩን አነሣች። «ማን ልበል?»

በዚህ ጊዜ ዝምታ አልነበረም።

«ትርሲት ነኝ» አለ ድምፁ፣ ከጉድጓድ እንደሚጣራ ሰው ቀጥኖ። «ጋሽ መኩሪያን አገናኚኝ። ስሜን የሰጡት እሳቸው ናቸው።»

ጸሐፊዋ የስልኩን አፍ በመዳፏ ሸፈነች። አለቃዋን አላየችም፤ ቀና ብላ ፊተኛውን ረድፍ አየች፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። መኩሪያ ሳያስበው፣ እንደለመደው፣ የለም በያት ብሎ እጁን አወናጨፈ።

«የሉም» አለች። «ስብሰባ ላይ ናቸው።»

መብራቱ ሲበራ መኩሪያ የባልደረቦቹን ፊት በሙሉ ከፊት ለፊት አየ፤ ፊልሙ ከታየበት ሸራ ውስጥ ሆኖ። አንዳቸውም እሱን አያዩም፤ ባዶው ወንበር ላይ የተሰቀለውን ግራጫ ኮት ያያሉ። አቶ ተሻገር «ኮቱ እኮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት፤ ሒሩት ቀስ ብላ ስልኳን አውጥታ ለትርሲት እናት ደወለች፣ «እማማ፣» አለች፣ «ስብሰባ የሚባል ነገር የለም።»