ከደኑ ዳር የቀረ ጫማ

«ጫማችሁን መልሳችሁ አድርጉ» አለ ጓድ ደምመላሽ። «ዛፍ የሚመለክበት ዘመን አልፏል።»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የጥንቱ ትልቅ ሼህ የተቀበሩበት ደን ውስጥ በጫማ የገባ ሰው አይተውም ሰምተውም አያውቁም። ዛሬ ግን የመጡት የሚቆረጡትን ዛፎች በኖራ ሊቀቡ ነው። ለአዲሱ መንደር ምሰሶ ያስፈልጋል ተብሏል፤ ነገ መጥረቢያ ይገባል። ካድሬ ካዘዘ ደግሞ እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል? እያጎነበሱ ጫማቸውን አጠለቁ።

ሁስኒያ ብቻ ባዶ እግሯን ቆመች። አባቷ ሼህ ጀማሉዲን የደኑ ጠባቂ ናቸው፤ የሳቸው ቤተሰብ ወደዚህ ሲመጣ ጫማውን እቤቱ ትቶ ነው። ዓይኗ ግን ደኑ ዳር ካለ ቁጥቋጦ ስር ሄዶ ቀረ። አንድ ጥንድ ጥቁር ኮንጎ ጫማ እዚያ ተቀምጧል፣ የግራው ተረከዝ በቀይ ላስቲክ የተጠገነ።

የወንድሟ የአብዱልወሀብ ነው። ዛሬ ጧት ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲመጣ፣ በጓሮ ዘሎ ወደ ደኑ ሮጧል። ምን ዓይነት ሞኝ ነው? ነፍሱን ሊያተርፍ ሲሮጥ እንኳ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። ተናደደችበት፤ ግን እሷም ብትሆን ታወልቅ ነበር።

«ይሄስ የማን ነው?» ደምመላሽ ጫማውን በእግሩ ነካ አደረገው። ከኋላው ሁለት ታጣቂዎች ቆመዋል።

ሁስኒያ ደኑ መግቢያ ላይ የቆሙትን አባቷን አየቻቸው። ሙስባሃ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል። እሳቸውም አውቀውታል።

«የኔ ነው» አለች።

«አንቺ፣ እግርሽ መቼ አድጎ ነው?» አለ የክፍል ጓደኛዋ ቀለሙ እየሳቀ። ወይ ቀለሙ፣ ምላሱ መቼ አርፎ ያውቃል። በክርኗ ጎሸም ስታደርገው ዝም አለ።

«ለከርሞም እንዲሆነኝ ተብሎ ነው የተገዛው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ደምመላሽ። «አድርጊዋ።»

ባታደርገው ታጣቂዎቹ ደኑን ያስሱታል። ብታደርገው አያት ቅድመ አያቶቿ በባዶ እግራቸው የተመላለሱበትን መሬት፣ በአባቷ ፊት በጫማ ልትረግጥ ነው። «ያ አላህ፣ አንተ ታውቃለህ» አለች በሆዷ።

አጎንብሳ አጠለቀችው። ከዚያ የኖራውን ባልዲ አነሳች።

«የመሀሉን እኔ ልቀባ። መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«አያችሁ?» አለ ደምመላሽ ደስ ብሎት። «የጠባቂው ልጅ እንኳ ነቅታለች።»

አባቷ አንገታቸውን ደፉና ገለል ብለው መንገዱን ለቀቁላት።

ሁስኒያ ገባች። ጫማው ሰፍቷት እግሯ ላይ ይንሸራተታል፣ ቅጠሉ ከስሩ ይንኮሻኮሻል። በዚህ ደን ውስጥ የጫማ ኮቴ ተሰምቶ አያውቅም። አብዱልወሀብ ከሰማ ይገባዋል፤ በወንዙ በኩል ይወርዳል። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ እግሯን ከፍ እያደረገች፣ ጧ ጧ አድርጋ ረገጠች።