የሐያት ፍላሽ

እኔ እንዲህ ባለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። ኮምፒውተር ጠግኜ ነው የምኖረው፣ «የሰው ዓይን በላብኝ» እያለ ማሽኑን የሚያመጣልኝ ደንበኛ ስንት አለ መሰላችሁ፣ ከፍቼ አቧራውን ጠርጌ እመልስለታለሁ፣ ዓይኑም ከአቧራው ጋር ይወጣል። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ፈጥሮ ያወራል አትበሉኝ፣ መፍጠርም ጉልበት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት ጫማዬን ማሰር እንኳ የሚታክተኝ ሰው ነበርኩ።

ጋሼ ሸምሱ ሸማ ተራ የጥልፍ ሱቅ አላቸው። ሐያት የምትባለው ታላቅ ልጃቸው ጥልፉን ኮምፒውተር ላይ የምትስልበትን ፕሮግራም ራሷ ጽፋ ነበር፣ እሷ የሳለችውን ማሽኑ ይጠልፈዋል። ካለፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ ድንገተኛ ሕመም ነው፣ ሦስት ቀን አልቆየችም። ከመሞቷ በፊት ለታናሽ እህቷ ለሰሚራ የኒካህ ቀሚስ የሚሆን ጥልፍ ስላ አስቀምጣላት ነበር፣ ሰሚራም ታጨችና ያንን ካልሆነ ሌላ አልለብስም አለች። ኒካሁ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መብራት ሄዶ ሲመለስ አሮጌው ኮምፒውተር ተቃጠለ። የሥዕሉን ፋይል ከዲስኩ ላይ አተረፍኩት፣ ነገር ግን ከሐያት ፕሮግራም በቀር የሚከፍተው የለም፣ ከፕሮግራሙ ደግሞ የተረፈው የጻፈችው ምንጭ ኮድ ብቻ ነው፣ እሱን ይዤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ እንደገና መገንባት ነበረብኝ።

የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ማክሰኞ ጀመርኩት፣ ሐሙስም እዚያው አንድ መስመር ላይ ተገትሬያለሁ፦ ላይብረሪው አልተገኘም። ላይብረሪ ማለት ፕሮግራሙ ከሌላ ቦታ የሚዋሰው ያለቀለት ሥራ ነው፣ ሐያት እሱን ኮዱ አጠገብ በማስቀመጥ ፈንታ ሊንክ ብቻ ትታለች። ሊንክ ጠቋሚ ነው፣ መርካቶ ዕቃ ስትጠይቁ ባለሱቁ «እኔ ጋ የለም፣ ማዶ አለ» እንደሚላችሁ፣ ማዶ ስትሄዱ ሱቁ ዝግ ከሆነ እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ። የሐያት ሊንክ የሚጠቁመው በስሟ ወደተሰየመ አንድ ፍላሽ ነበር፣ ፍላሹ ስለሌለ ስክሪኑ ላይ በቀይ ተጽፎ ያፈጥብኛል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ሁሉ አልገጠመም፣ ላይብረሪውንም የጻፈችው ራሷ ነበረችና።

ዓርብ ጠዋት ጋሼን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ የሐያት ፍላሽ የት ይሆን?»

«ፍላሽ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጣት የምታክል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካ።»

የያዙትን ጥቅል ጨርቅ አስቀመጡት። «ቀይ ክር ያላት?»

«ልትሆን ትችላለች።»

«ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ነበረች» አሉኝ። «ልብሷንም ቦርሳዋንም ሰደቃ ብዬ መስጊድ በር ላይ ለሰዎች ሰጠሁት። ኪሱን ማን ያያል ብለህ ነው ልጄ። ለነፍሷ ብዬ የሰጠሁት የእህቷን ቀሚስ ይዞ ሄደ ማለት ነው?»

አንጀቴን በሉት። «ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ» አልኳቸው እንጂ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌላ መንገድ እንደሌለ አውቄዋለሁ።

የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ እኔን ውስጥ ትተው ወጡ። በዚያ መደዳ አንድ ደንብ አለ፣ ባለሱቅ ለሶላት ሲወጣ በሩን አይዘጋም፣ ደፉ ላይ ዱላ ያጋድማል፣ ዱላ የተጋደመበትን በር ደግሞ ሰው አያልፍም። ጋሼም ዱላቸውን አጋድመው ሄዱ። ያ ሁሉ ተሸካሚ፣ ያ ሁሉ «ዞር በል» ጭር አለ፣ ከሩቅ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ብቻ ይሰማል። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ያችኑ መስመር አያታለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት የዚፕ ድምፅ ነው፣ ከኋላዬ፣ ቦርሳ ቀስ ተብሎ ሲከፈት። ጎረቤት ነው ብዬ አልዞርኩም። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ያቺን የምታውቋትን ድምፅ አሰማ፣ ፍላሽ ሲሰካ የሚያሰማትን። ሁሉንም መሰኪያ አየሁ፣ ኪቦርድና ማውስ ብቻ ናቸው፣ እመኑኝ በጣቴ ሁሉ ዳበስኩት። ቀና ስል ቀዩ ሊንክ ሰማያዊ ሆኗል፣ ከጎኑም ሐያት የሚል ፍላሽ ተከፍቷል።

ሌላ ሰው ቢሆን እየሮጠ ይወጣ ነበር። እኔ ግን አራት ቀን ሙሉ ደክሜያለሁ፣ ፍርሃቱ ሳይደርስብኝ እጄ ግንባታውን የሚያስጀምረውን ትእዛዝ ጻፈ፣ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። መስመሮቹ ወረዱ፣ ወረዱ፣ ላይብረሪው ተገኘ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ ተያያዘ፣ አለቀ። ወዲያው ፍላሽ ሲነቀል የሚሰማው ድምፅ፣ ከዚያ ዚፑ ሲዘጋ። ሊንኩ ተመልሶ ቀይ ሆነ። ያኔ ነው ፍርሃቱ የደረሰብኝ፣ መዞርም አቃተኝ።

ዞር ያልኩት ጋሼ በሩ ላይ ሲጠሩኝ ነው።

«ማን ገባ?»

«ኧረ ማንም አልገባም።»

«ዱላዬን ማን አነሳው ታዲያ?»

ዱላው ደፉ ላይ የለም። ውስጥ፣ የጥልፍ ማሽኑን ተደግፎ ቆሟል። ጋሼ ትንሽ አዩት፣ አላነሱትም፣ ዱካ ላይ ቁጭ አሉ።

«እዚያ ጋ የምታስደግፈው እሷ ናት» አሉ። «ማሽኑ ላይ ይወድቃል እያልኩ ስቆጣት ነው የኖርኩት።»

ፋይሉን ከፈትኩላቸው። የሰሚራ ጥልፍ ስክሪኑን ሞላው፣ ጋሼም አንድ ጊዜ በጣታቸው ነካ አድርገው እጃቸውን መለሱ። ስለ ዚፑ አልነገርኳቸውም፣ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ።

ቀሚሱ ደረሰ፣ ሰሚራ ለብሳው ተዳረች፣ ፕሮግራሙም እስከዛሬ አንዴ አላስቸገረም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ረስቼው እተኛ ነበር፣ ከሠርጉ በኋላ ግን ጋሼ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያንን ፕሮግራም አጥፍተህ እንደገና ብትሠራውስ?»

«ለምን ጋሼ? ተበላሸ እንዴ?»

«የለም፣ ደህና ይሠራል።» አስተግፊሩላህ ሲሉ ሰማኋቸው፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዓርብ ብትመጣ ማለቴ ነው» አሉኝ። «ዱላውን አላጋድምም፣ ማንሳት አያስፈልጋትም።»

ሥራ በዝቶብኛል አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሐሙስ ይደውላሉ፣ እኔም በየሳምንቱ ሥራ ይበዛብኛል። ትናንት ሲደውሉ አላነሳሁትም። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ኮምፒውተሬን አልከፈትኩም፣ ይህንንም በእስክሪብቶ ነው የምጽፍላችሁ።