ወፏ የጠራችው ሰው

ወንበሩ የለም።

በእበት በተለቀለቀው መደብ ላይ የቀረው ክብ ምልክት ብቻ ነው። ዋና ሳጅን ፋንታነሽ ጎንበስ ብላ አየችው። በጣቷም ዳሰሰችው። ከኋላዋ፣ በጥድ አምባ ሸንጎ ቤት በር ላይ፣ ሕዝቡ ተደራርቦ ቆሟል። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ አንገቱን እያሰገገ ያያል። ደፍሮ የሚገባ ግን የለም።

«መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አምደሚካኤል። የሸንጎ ቤቱ ጠባቂ ነው። ቁልፉ ከአያቱ ለአባቱ፣ ከአባቱ ለእሱ የወረደ ነው። «ለነገው ላጸዳ ብዬ ጎህ ሲቀድ ከፈትኩ። ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ።»

«በሩ ተሰብሮ ነበር?»

«ኧረ ምንም አልሆነ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር፤ ሰው ስጦታውን ሲያስገባ ዋለ። ስቆልፍ መሽቶ ዓይን መያዝ ጀምሮ ነበር። መደቡን ልብ አላልኩትም።»

ስለ ስጦታው ውሸት አልነበረውም። የጤፍ ጆንያ፣ የማር ገንቦ፣ አጠና፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ ሁሉም ግድግዳውን ተደግፎ ተከምሯል። ግድግዳው ራሱ ግን የሚደግፈው ይፈልጋል። ወደ ውጭ አዘንብሏል። ጣሪያው ተቀዶ ሰማይ ያሳያል። ቤቱን ለማደስ ነገ እሑድ የአገሩ ተወላጅ ሁሉ ተጠርቷል፤ ከደብረ ማርቆስም፣ ከአዲስ አበባም። የነገው ዋና ነገር ደግሞ ወንበሩ ነበር። የድሮ ዳኞች የተቀመጡበት ወንበር ለጨረታ ይቀርባል። ያሸነፈ አንድ ጊዜ ይቀመጥበትና መልሶ ለቤቱ ይሰጣል። እንደገና ይጫረቱበታል። እንዲህ እየተባለ የክዳኑም የግድግዳውም ወጪ ይወጣል ተብሎ ታስቧል።

ያለ ወንበሩ ጨረታ የለም። ያለ ጨረታ ክዳን የለም። ያለ ክዳን ደግሞ ቤቱ መጪውን ክረምት አይሻገርም።

የእድሳት ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ መንበሩ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ሳጅን፣ አንቺ የመንግሥቱን ሥራ ሥሪ። እኛ አውጫጭኝ እንቀመጣለን።»

«አያ፣ ምርመራው እኮ በፖሊስ ተይዟል።»

«ይያዝ። ይህ ቤት ሌባ ሲያወጣ የኖረ ቤት ነው። የራሱን ሌባ ሊያጣ ነው?»

ወደ አለቃዋ ደወለች። «አባቶችን አታስቀይሚ፤ ጎን ለጎን ሥሪ» አላት። ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተችው፣ መልሳ አወጣችው፣ እንደገና ከተተችው። አውጫጭኝ የሚሉትን ታውቀዋለች። የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ሌባው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ ተራ በተራ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል፤ ይምላል፤ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይናገራል። ያየ ሰው ካለ «ወፍ» ይባላል። የወፍ ስም አይጠራም። ሽማግሌዎቹ እንዳያወጡት ይምላሉ። ሌባ ያወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ንጹሕ ሰው ያጠፋበት ጊዜም አለ።

ሕዝቡ ሜዳው ላይ ሲቀመጥ እሷ ሁለት ሰዎችን ለየች።

አንደኛው መምህር ተስፋዓለም ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። ወንበሩ ሙዚየም መግባት አለበት እያለ ኮሚቴውን ሲያስጨንቅ መክረሙን ሁሉም ነግሯታል።

«የት ወሰድከው?»

«እኔ ብወስደው ኖሮ ደረሰኝ ቆርጬ ነበር የምወስደው» አለ። ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ተወው። «ሳጅን፣ ወንበሩን ነክቼው አላውቅም። ፎቶ ላነሳው ወደ ብርሃን ላስጠጋው ብል አምደሚካኤል እጄን ይዞ መለሰኝ። የአባቶች ነው፣ አይነካም አለኝ።»

«ተቆጣህ?»

«ተቆጣሁ። በቁጣ ግን ወንበር አይሰረቅም።»

የተከራየውን ክፍል ፈተሸች። አልጋ፣ መጻሕፍት፣ ያልታጠበ ድስት። ሌላ የለም።

ሁለተኛው አብዱልቃኒ ነው። አማኑኤል ከተማ ሱቅ አለው። አዲሱን ቆርቆሮ የሰጠው እሱ ነው። ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ጭነት መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ታይቷል። ደግሞ አንድ ጊዜ «ይህን ወንበር ሽጡልኝ» ብሏል ይባላል።

«ብለሃል?»

«ብያለሁ። ሰርግ ላይ። ሽጡልኝና ሱቄ ውስጥ ልንገሥበት ብዬ ነበር። ሁሉም ስቋል። አያ መንበሩ ራሳቸው እስኪያስላቸው ስቀዋል።»

«ትናንት ቆርቆሮውን ማን አራገፈ?»

«ጎረምሶቹ።»

«ስትመለስስ ምን ጫንክ?»

«አየር።»

«አልቀለድኩም።»

«እኔም አልቀለድኩ፣ እትዬ ሳጅን። ባዶ ነው የተመለስኩት።»

«ባዶ መሆንህን ያየልህ አለ?»

«ባዶ መኪና ማን ልብ ይላል? ሰው የሚያየው የተጫነውን ነው።»

መኪናው ላይ ወጥታ አየች። የዘይት ጠብታና የቆርቆሮ ጭረት ነው ያለው። ይህ ነጻ አያወጣውም። አያስከስሰውምም።

አብዱልቃኒ ከመኪናው ስትወርድ እጁን ሰጣት። «አባቴ እዚህ ቤት ቆሞ ተሟግቷል» አላት በዝግታ። «አገሬው ከሳሽ፣ እሱ መጤ ተከሳሽ። ዳኛው ለእሱ ፈረዱ። መጤ ነው ብለው አልገፉትም። እኔ ሰው ሆኜ እዚህ አገር የቀረሁት በዚያ ፍርድ ነው። ቤቱ እንዲቆም የምፈልገውም ለዚያ ነው።»

ከዚያ ሄዶ ሜዳው ላይ ከጎረቤቶቹ መሀል ተቀመጠ።

ፀሐይዋ ከረረች። የታሰሩ ጥጆች ከየቤቱ ይጣራሉ። ሕፃናት ያለቅሳሉ። ወንዶቹ ይነሳሉ፣ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ። የአያ መንበሩ ስልክ አላርፍ አለ። ከአዲስ አበባ የተነሱት እንግዶች ናቸው፤ ደጀን ደርሰናል ይላሉ። ምን ይበሏቸው? «በሰላም ግቡ» ብለው ይዘጋሉ። ፋንታነሽ ከሜዳው ዳር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከሽማግሌዎቹ ዘንድ የተመለሰውን ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። አንድም ፊት አልነገራትም።

ጥላው ሲረዝም አያ መንበሩ ተነሱ።

«ወፏ ተናገረች» አሉ። ድምፃቸው ደስ ያለው ሰው ድምፅ አይደለም። «ያለችው ይህ ነው። ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ አብዱልቃኒ ወንበሩን በሰማያዊ ሸራ ጠቅልሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። መኪናው ላይ ጫነ። ሄደ።»

ከዚያ ከአብዱልቃኒ ግራ የነበረው ሰው ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። ከቀኙ የነበረው ተከተለ። ከፊቱ ያሉት፣ ከኋላው ያሉት፣ አንድ በአንድ ተነሱ። ሰውየው ሣሩ ላይ ብቻውን ቀረ።

«ቆርቆሮ ሰጥቶ ወንበር ወሰደ» አለ አንዱ ከኋላ። «ነጋዴ አይደል፣ መች ይከስራል።»

«ወላሂ አልነካሁም» አለ አብዱልቃኒ። የሚያየው ተናጋሪውን አልነበረም። ከጎኑ የተነሱትን ነበር።

«ልማዱን ታውቃለህ» አሉ አያ መንበሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ከሱቅህ የሚገዛ የለም። ሰርግህንም ቀብርህንም የሚደርስ የለም። ሳጅን፣ እንግዲህ ተረከቢው።»

ሁሉም ወደ ፋንታነሽ ዞሩ። ካቴናው ወገቧ ላይ ነው። እጇ ግን አልሄደም። አንድ ቃል አልዋጥ ብሏታል።

«አያ፣ ያን ወንበር እርስዎ አንስተውት ያውቃሉ?»

«እንዴታ። የመጨረሻው ዳኛ ያረፉ ጊዜ ወንበራቸው ሬሳቸውን ይከተል ተብሎ በወሳንሳ ያወጣነው ለአራት ነው። የወይራ ግንድ ነው እኮ። ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ግን ወገቤን እስከ ፋሲካ...»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። አያ መንበሩም ቃላቸውን አልጨረሱም።

«እንግዲያው አንድ ሰው እንዴት አድርጎ በትከሻው ተሸከመው?» አለች ፋንታነሽ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አያ መንበሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሳጅን፣ የወፏን ስም አትጠይቂኝ። መስቀል መትቻለሁ።»

«ስም አልጠየቅኩም። የሚዋሽ ሰው ያላየውን ሲናገር ከሚያውቀው ነው የሚነሳው። ይህን ያለው ሰው ወንበሩን በትከሻው ተሸክሞ ያውቃል። ቀላል መሆኑን ያውቃል። የወይራው ወንበር ደግሞ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ትናንት ከዚህ ቤት የወጣው የወይራው ወንበር አይደለም።»

ሜዳው አጉረመረመ። እሷ ወደ ሴቶቹ ሄደች። የአምደሚካኤል ሚስት ያለምወርቅ ከፊት ተቀምጣለች።

«እትዬ ያለምወርቅ፣ የሸንጎ ቤቱን መደብ የምትለቀልቂው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። በዓል በመጣ ቁጥር።»

«ጠዋት አይቼዋለሁ። ወንበሩ የነበረበት ቦታ ጭምር እንደ ሌላው መደብ በቅርብ ተለቅልቋል። ስትለቀልቂ ወንበሩን ማን ያነሳልሻል?»

ያለምወርቅ ዞረች። ባሏን አየች። እሱ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኗ ባዶ ሣር መሀል ወደ ተቀመጠው ሰው ሄደ። እዚያው ቆየ።

«እሱ ነው የሚያነሳልኝ» አለች። «ብቻውን።»

«አንቺ ሴት» አለ አምደሚካኤል።

«ዝም በል። ወንበር አቃጠልን፤ ሰውም ልታስበላኝ ነው?» ተነሳች። «የወይራው የለም፣ አያ መንበሩ። ካቻምና ክረምት ማድ ቤታችን ፈረሰ። ሌላ ደረቅ ቦታ አጣሁ። በዚያ ቤት ውስጥ አረቄ ማውጣት ጀመርኩ።»

«በሸንጎ ቤት?» አለ የሆነ ሰው።

«በሸንጎ ቤት። እሳቱን ትቼ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ስመለስ ወንበሩ ተያይዟል። አጠፋነው፤ ግን ከሰል ሆኗል። እሱ ከማርቆስ ከዋንዛ የተፈለፈለ አምሳያውን አሠርቶ መጣ። ቅቤና ጥላሸት ቀባው። ማንም እንዳይነካው ከለከለ። አሁን ጨረታ ሲባል እንቅልፍ አጣ። ነገ ተሸክመው ሲያዞሩት ይታወቃል፣ የወይራውን ሸጠው በሉት ይሉናል አለ። ደበቀው። የጭዳችን ክምር ውስጥ ነው ያለው። አብዱልቃኒን መጥራቱን ግን አላውቅም ነበር። አሁን ነው የሰማሁት።»

ፋንታነሽ ሦስት ጎረምሶች ላከች። ሲመለሱ አንደኛው ወንበሩን በትከሻው ይዞታል። ሁለቱ እጃቸውን አወዛውዘው ይከተላሉ። ጭድ እየረገፈ ነው የመጣው።

አምደሚካኤል አልሸሸም። እጁን ራሱ ዘረጋላት።

«ተቃጠለ ብትል ኖሮ ይቆጡህ ነበር፤ ከዚያ ያልፍ ነበር» አለች ካቴናውን እያስገባች። «ሰውየውን ለምን ጠራህ?»

አንገቱን ደፋ።

«ማንን ልጥራ?» አለ። «ሌላው ሁሉ ዘመዴ ነው።»

በቅርብ የነበሩት ሰሙት። አንዳንዱ ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ፤ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል።

አብዱልቃኒ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። ወደ መኪናው ሲሄድ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። አያ መንበሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተከተሉት። በሩን ይዘው ቆሙ።

«ልጄ፣ በድለንሃል። ነገ ከፊት ትቀመጣለህ። ከእኔ አጠገብ።»

«ቆርቆሮው ለቤቱ ነው፤ አላነሳውም» አለ አብዱልቃኒ። «ጣሪያ ይሁናችሁ። ከጎኔ የተነሱትን ግን አያ፣ ሁሉንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ደንበኞቼ ናቸው። ሰኞ ዘይት ሊገዙ ይመጣሉ፤ እሸጥላቸዋለሁ፤ ቤተሰብ ደህና ወይ ብዬም እጠይቃለሁ። ስብሰባ ግን አትጥሩኝ።»

አዛውንቱ በሩን ለቀቁ።

ፋንታነሽ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «በሐሰት ስለ መወንጀልህ ቃልህን እፈልጋለሁ። እሱን እከስልሃለሁ።»

«እሱን ክሰሺ» አለ፤ ሞተሩን አስነሳ። «ሌሎቹንስ?»

ጥያቄው ከእሷ መልስ የሚጠብቅ ነበር፤ እሷም መልስ ፈለገችለት። ስርቆት ለሚሉት አንቀጽ አላት። በሐሰት ለመሰከረም አላት። ጋቢን ሰብስቦ ከሰው ጎን ለመነሳት ግን አንቀጽ የላትም።

መኪናው ባዶውን እየተንገጫገጨ ወደ አማኑኤል ወረደ።