ያልጠወለገ ኮባ

የብድር ኮሚቴው መልእክተኛ የጥሩሰው ሬሳ ሐሙስ ጠዋት የተገኘው ሀቢቾ መንደር አጠገብ፣ በሳሊሃ ጓሮ፣ ቆጮ በሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። አናቱ ተፈንክቷል። በላዩ እርጥብ ኮባ ተነጥፎ ድንጋይ ተጭኖበታል። አይታ የጮኸችው ሳሊሃ ራሷ ናት፤ ሰፈሩ ግን ሬሳው ሳይወጣ ፈረደባት።

ምክንያት ነበረው። ዘመኑ 1998 ነው፤ ዝናብ ወቅቱን ከሳተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በቆሎው ቢጠፋም የማዳበሪያው ዕዳ አልጠፋም። ጥሩሰው በብድር ኮሚቴው ትእዛዝ የመበለቲቱን የሳሊሃን አንድ በሬ ነድቶባታል። ባለፈው እሁድ ደግሞ የአገሪቱ የውጭ ዕዳ ተሰረዘ ተብሎ በቀበሌው ደጅ ተደግሷል፤ ሳጅን ጴጥሮስም ከታዳሚው አንዱ ነበር።

ጴጥሮስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ኮባውን አንድ በአንድ አነሳ። መሃል መሃሉ ተሰነጣጥቋል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የጠወለገ ኮባ ተከምሯል።

«ጥሩሰው ማክሰኞ ሆሳዕና ምን ሊሠራ ሄደ?» ሲል የኮሚቴውን ሊቀመንበር ኃይለ ማርያምን ጠየቀ።

ሊቀመንበሩ በዚያ ብርድ የነጭ ሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሏል። «ለራሱ ጉዳይ ይሆናል። ከሰኞ ወዲህ አላየሁትም።»

«ደብዳቤ አላመጣም?»

«የምን ደብዳቤ? ገዳይዋ ፊትህ ቆማ ወረቀት ትፈልጋለህ።»

የከብት ነጋዴው ሙክታር ፈንጠር ብሎ ቆሟል። ጴጥሮስ ወደ እሱ ዞረ። «ኮሚቴው ከነዳው ስንት በሬ ገዛህ?»

«ሰባት።»

«በርካሽ?»

«እንባ ያለበትን በሬ ማን በውድ ይገዛል፣ ሳጅን?»

«የሳሊሃንስ?»

«የሷን አልሸጡልኝም።»

ጴጥሮስ የጠረጠራቸውን ሦስቱን፣ ሳሊሃን፣ ሊቀመንበሩንና ነጋዴውን፣ ጉድጓዱ ዙሪያ አቆማቸው። ጎረቤቱ አጥሩን ሞልቶታል።

«እናቴ ሴት ልጅ አልነበራትም። ታማ በተኛች ጊዜ፣ የሴት ሥራ ቢሆንም፣ እንሰቱን የፋቅሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ሚስት ያጣኸው ለካ በዚህ ነው» አለ ሙክታር።

«በዚህ ነው።» ጴጥሮስ አልሳቀም። «ኮባ ካልጠወለገ ሲነጠፍ ይሰነጠቃል። ይህን ሴት ሁሉ ታውቃለች። እትዬ ሳሊሃ ለቆጮው ጉድጓድ ያጠወለገችው እዚያ ተከምሯል። እሷ ብትሆን ያንን ታነሳ ነበር። ገዳዩ ግን የተጣለ መስሎት እርጥቡን ቆረጠ። ወንድ ነው።»

«እንግዲያው ወይ እኔ ነኝ ወይ እሱ» አለ ሙክታር። አሁን ቀልዱ ጠፍቶበታል።

«የእርጥብ ኮባ ውሃ ልብስ ላይ ሲንጠባጠብ አይታይም፤ ሲያድር ይጠቁራል፤ ሳሙና አያስለቅቀውም። አቶ ኃይለ ማርያም፣ እጅጌህን ዘርጋ።»

አልዘረጋም። ጴጥሮስ ራሱ ዘረጋለት። ከእጥፋቱ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ።

«ሻይ ነው።»

«በሁለቱም እጅጌ? ጠዋት ሆሳዕና ብድር ቢሮ ደውዬ ነበር። ድርቅ የመታው ገበሬ ዕዳው ተሰርዟል፤ የተነዳ በሬ ይመለስ ይላል ደብዳቤው። ማክሰኞ ጥሩሰው ፈርሞ ወስዶታል። አንተ ሰባቱን ሸጠህ በልተሃል፤ ከየት ትመልሳለህ? ገደልከው፤ የተበደለች ሴት እንድትጠየቅበት ጓሮዋ ቀበርከው።»

ኃይለ ማርያም እጁን ለካቴና ሰጠ። ያኔ ሳሊሃ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

«ዕዳው ከተሰረዘ፣ በሬዬስ ሳጅን?»

ጴጥሮስ ሊቀመንበሩን አየው። ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ ወደ ሳሊሃ ዞረ።

«እሱን ምን ትጠይቂዋለሽ? እሁድ ድግሱ ላይ በልቶታል። ሁለቴ አስጨምሯል።»

አጥሩ ላይ የነበረው ሰው ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ከመካከሉ ያልበላ ጥቂት ነበር። ሳሊሃ አላለቀሰችም።

«ቆዳውስ?» አለች።

ሙክታር አንገቱን ደፋ። ቆዳውን የገዛው እሱ ነበር።